በጠገራው መለያ ላይ የተጻፈው

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ፣ መስቀል ካለፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የማልረሳው ጊዜው ቅርብ ስለሆነ አይደለም። ያደረግሁት ነገር በጽሑፍ ስለተቀመጠ ነው። ሳሎናችን ውስጥ፣ ቡፌው ላይ፣ በማይከፈት ፕላስቲክ ታሽጎ ይታያል። እንግሊዝኛ የሚያነብ እንግዳ ሲመጣ እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

መጻፍ ብዙ አልለመድኩም። እንደሆነው በቅደም ተከተል ለመናገር እሞክራለሁ።

ብሩክ እባላለሁ። የምንኖረው ቡታጅራ ነው። አባቴ የብረታ ብረት ሥራ አለው፤ በር፣ መስኮትና አልጋ ይሠራል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ከትምህርት መልስ አግዘው ነበር፤ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረስኩ በኋላ ደግሞ ሙሉ ቀን አብሬው እሠራለሁ። አባዬ ይቆርጣል፣ ይበይዳል። የተበየደውን መሞረድና መወልወል የእኔ ድርሻ ነው። የበር እጀታ ወልውዬ ስሰጥ ደንበኛው ፊቱን ያይበታል። በሌላ ነገር ጎበዝ ነኝ አልልም፤ በዚህ ግን ጎበዝ ነኝ።

ወንድሜ ተመስገን በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ከሁለታችን ሌላ ልጅ ቤታችን የለም። ወልቂጤ ተከራይቶ እየኖረ የመሬት ልኬት ሥራ ይሠራ ነበር። ከዚያ ጥቅምት በፊት በነበረው ሐምሌ በኩላሊት ሕመም ሞተ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ነገሩ ስለ አንድ ጠገራ ብር ነው። ጠገራ ብር ድሮ ሰዎች ይገበያዩበት የነበረ፣ የንግሥት ምስል ያለበት ትልቅ የብር ሳንቲም ነው። የአባቴ አባት አረቅጥ ገበያ ፈረስ ሸጦ ከተቀበላቸው ውስጥ አንዱን አስቀርቶ ነበር። ብዙ ቤት ጠገራ ማንጠልጠያ ይበየድበትና የሴት አንገት ላይ ይውላል። የእኛው ግን አልተበሳም፣ አልተበየደበትም። በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ነበር የኖረው።

ልጅ ሆኜ ያንን ጠገራ በጣም እወደው ነበር። ለእኔ ይሰጠኝ ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ። ተመስገን ሥራ የያዘ ጊዜ ግን አባዬ አውጥቶ ለእሱ ሰጠው። "የበኩር ነው" አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም። እኔ ያኔ አስራ ሦስት ዓመቴ ነው። ውጭ ወጥቼ የብረት ቁራጭ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ቅናቴ ከዚያ ይጀምራል። በኋላ ግን ጠገራውን ተውኩትና በሰው መቅናት ጀመርኩ።

ሰውየው ነስሩ ይባላል። ወልቂጤ መናኸሪያው አጠገብ የሰዓት መጠገኛ ሱቅ አለው። ሱቅ ከተባለ ነው፤ ሁለት ሰው ከተቀመጠ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ተመስገን ሰዓቱን ሊያሠራ ገብቶ ተዋወቁ። ሁለቱም የድሮ ሳንቲም እንደሚወዱ ሲያውቁ ጓደኛ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ተመስገን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቡታጅራ መምጣቱን ቀነሰ። "ከነስሩ ጋር ሥራ አለን" ይላል። እማዬ "ደግሞ ሳንቲም ምን ሥራ አለው?" ትላለች። እኔ ግን ቅዳሜ ሲደርስ የመንገዱን ጫፍ አይ ነበር።

አስራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ልጠይቀው ወልቂጤ ሄድኩ። በአረቅጥ በኩል በሚኒባስ ሦስት ሰዓት ተጉዤ ነው የደረስኩት። ተቀብሎኝ በቀጥታ ወደ ነስሩ ሱቅ ወሰደኝ። "ትንሹ መጣ!" ብሎ አስተዋወቀኝ። ትንሹ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው።

ሁለቱ የዚያን ቀን የሚከራከሩበት ነገር ነበራቸው። ውጭ አገር የድሮ ሳንቲም መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ባለሙያዎች አሉ። ሳንቲሙን አይተው፣ እውነተኛ መሆኑን አረጋግጠው፣ ከሰባ ቁጥር ይሰጡታል። ከዚያ ጠፍጣፋ በሆነ ግልጽ ፕላስቲክ ያሽጉታል። ከላይ በኩል መለያ ወረቀት ይገባል። ወንድሜና ነስሩ እንዲህ የታሸገ አንድ ሳንቲም ከሰው አግኝተው ነበር። የራሳቸውንም አንድ ቀን ለማስላክ አስበዋል። እናም መለያው ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት ይጨቃጨቃሉ።

"ከየት እንደተገኘ ይጻፍ" አለ ነስሩ። "አረቅጥ ገበያ፣ ፈረስ ተሸጦ።"

"ማን መሰከረ?" አለ ተመስገን።

"አባትህ ነገረህ አይደል?"

"አባቴ ነገረኝ እንጂ ሳንቲሙ አልነገረኝም። መርማሪዎቹ በዐይናቸው ያላዩትን አይጽፉም።"

"እሺ፣ ዓመቱስ? 1780 ይባል?"

"ላዩ ላይ ያለው እሱ ነው። ግን ውሸት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የተመታውም 1780 ነው የሚለው። ስለዚህ ከሥሩ 'በኋላ ዘመን የተመታ' ተብሎ መግባት አለበት።"

"እንግዲህ ሳንቲሙ ይዋሻል፤ አባትህም አይታመንም። ወላሂ ተሜ፣ አንተ ዘንድ ማን ነው የሚታመነው?"

"መለያው" አለ ተመስገን። ሁለቱም ሳቁ።

እኔ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። ምሳ ሰዓት አለፈ። እነሱ መለያው ላይ የብረቱ ዓይነት ከዓመቱ ይቅደም ወይስ ይከተል እያሉ ናቸው። ተርቤያለሁ ስል ነስሩ ቀና ሳይል "ማሙሽ፣ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ብስኩት አለ" አለኝ። ማሙሽ! አስራ ስድስት ዓመቴ ነው እኮ።

እኔም ልሳተፍ ብዬ "ዋጋውስ አይጻፍም?" አልኩ።

"ዋጋ ጠዋትና ማታ ይለያያል" አለ ነስሩ። "የሚለዋወጥ ነገር መለያ ላይ አይገባም፣ ማሙሽ።" ይኼን ጊዜ ተመስገንም ሳቀ። በእኔ ላይ አልነበረም ይሆናል። ግን አብሮት ሳቀ።

የመለያው የመጨረሻ መስመር የሰብሳቢው ስም ነበር። ከማን ስብስብ እንደሆነ ከተፈለገ ይጻፋል። ነስሩ ጣቱን እዚያ ላይ አድርጎ "እዚህ ጋ ተመስገንና ነስሩ ይባላል" አለ። ወንድሜ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ በልቤ ጠገራውን አሰብኩ። የአያቴ ጠገራ፣ ምናቸውም ባልሆነ ሰው ስም!

ከዚያ በኋላ ወልቂጤ አልሄድኩም።

ተመስገን ሲታመም አልነገሩኝም። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሶብኝ ነበር። "ለትንሹ አትንገሩት፣ ፈተናውን ይጨርስ" ያለው ራሱ ነው አሉ። ቤተሰቦቼ ሆስፒታል ሲመላለሱ ሥራ ሄዱ እየተባልኩ አጠና ነበር። ሌሊት ሌሊት አጠገቡ ያደረው ነስሩ ነው። ፈተናዬን በጨረስኩ በሁለተኛው ቀን ወንድሜ ሞተ። ውጤቱም በኋላ አልመጣልኝም። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ነገሩ እንዲህ ስለነበረ ነው።

ለቅሶው ላይ ዝናብ ነበር። ከወልቂጤ የመጡት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ቀጥ ብለው ወደ ነስሩ ሄዱ። እሱን አቅፈው አለቀሱ። እኔ ሁለት ሰው ዝቅ ብዬ ተቀምጫለሁ። አንዲት ሴትዮ የነስሩን እጅ ይዛ "እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ፣ ወንድሙ ነህ አይደል?" አለችው።

"አይ፣ ወንድሙ እሱ ነው" አለና ወደ እኔ ጠቆመ።

ትክክል ነው ያደረገው። ያን ጊዜ ግን ይባስ ጠላሁት። የራሴን ቦታ እሱ ቆርሶ የሚሰጠኝ መሰለኝ። ወንድሜ በመጨረሻ ምን እንዳለም ያወቀው እሱ ብቻ ነበር። ሳልጠይቀው ወደ ወልቂጤ ተመለሰ። ያልጠየቅሁት ከቅናት ነው።

ጥቅምት ላይ ነስሩ ደወለ።

"ብሩኬ፣ የአማቼን ወረቀት ጨርሰናል፤ የሳንቲሞቹ የመውጫ ፈቃድም እጁ ላይ ነው። ሐሙስ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። ሳንቲሞቹን ለመርማሪዎቹ እሱ ያስልካል።"

"እሺ።"

"ተሜ የሞላው ዝርዝር አለ። ዘጠኙ በሁለታችን ስም ነው የሚሄዱት። የቤታችሁን ጠገራ ይዘህ ና።"

"እሺ።"

"እ... በቃ እንግዲህ። ስትመጣ እናወራለን።" ዘጋው።

ዘጠኙ በሁለታችን ስም። አሥረኛውም በዚያው ስም ሊሄድ ነው አልኩ። የወንድሜ ስም ለዘላለም ከሰዓት ጠጋኝ ጋር ተጣብቆ ሊታሸግ ነው። እኔ የትም የለሁም። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ጠገራውን ተመስገን ሆስፒታል ሳለ ለእማዬ ሰጥቷት ሳጥኗ ውስጥ ነበር። አውጥቼ አየሁት። ጠቁሯል። የንግሥቲቱ ጉንጭ ላይ ጥላ የመሰለ ነገር ተኝቶበታል። ወደ ነስሩ የሚሄድ ከሆነ እንዲህ ጠቁሮ አይሄድም አልኩ። ዘጠኙን ደርድሮ ሲጠብቀኝ የእኛ ጠገራ ከሁሉም በላይ ማብራት አለበት። የማን ቤት ልጅ እንደሆንኩ ይይ።

በማግስቱ ጠዋት ወርክሾፕ ወሰድኩት። መጀመሪያ በሎሚና በአመድ አሸሁት። ከዚያ በመብራት የሚሽከረከረው መሞረጃችን፣ ግራይንደሩ ላይ፣ የጨርቅ መወልወያውን ገጠምኩ። ለበር እጀታ የምንቀባውን ቅባት ትንሽ ቀባሁበት። ጥቁረቱ ወደ ጨርቁ ተሻገረ። ከሥሩ ነጭ ብርሃን ወጣ። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ እሱ ነው። ያንን ያክል ተጠንቅቄ ወልውዬ አላውቅም። የንግሥቲቱ ፀጉር ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ሳስተውላቸው እንደ መጥፋት ብለዋል። ያኔ ግን ምንም አልመሰለኝም።

አባዬ የመበየጃ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አየው። እጁ ላይ አገላበጠው።

"አሁን ገና ብር መሰለ" አለ።

ከአባዬ አፍ ምስጋና በቀላሉ አይወጣም። ኮራሁ።

ረቡዕ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። አረቅጥ ስንደርስ ጉም ነበር። ጠገራውን ከኪሴ አውጥቼ በመስኮቱ ብርሃን አየዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ፣ ደግሞ አወጣዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው አዩት።

"ልጄ፣ ይኼ አዲስ ነው፤ ከየት አመጣኸው?"

"የአያቴ ነው፣ አባባ።"

"ተው ተው። የአያትህ ጠገራ እንዲህ አያበራም። አታለውሃል።"

ቀንተው ነው አልኩ በልቤ። ቀናተኛ ሰው ሌላውን ሁሉ ቀናተኛ ያደርጋል።

ነስሩ ሱቁ ውስጥ የሰዓት ማያ መነጽሩን ዐይኑ ላይ ሰክቶ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለ። "ኧረ ብሩኬ! እንኳን ደህና መጣህ። እማማ እንዴት ናቸው? አባባስ ጤና ናቸው?" ከስቷል። ተመስገን ይቀመጥበት የነበረውን ወንበር አነሳና ሰጠኝ። ቅር እያለኝ ተቀመጥኩ።

ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ዘርግቶ ዘጠኙን ሳንቲሞች ደርድሯል። ሁሉም ጠቆር ያሉ ናቸው። ደስ አለኝ። የእኛን አሥረኛ አድርጌ አስቀመጥኩት። የጣሪያው አምፖል ብርሃን አረፈበትና አበራ።

ነስሩ መነጽሩን ወደ ዐይኑ መልሶ አጎነበሰ። ረጅም ጊዜ አየው።

"ማን ነካው?"

"እኔ።"

"በምን?"

"በግራይንደር።"

"በግራይንደር" አለና ቁጭ አለ። "ያ ረቢ! በግራይንደር።"

"ምን ሆነ? የእናንተ ጠቁረው ሳለ የእኛው ስላበራ ነው?"

"ብሩኬ፣ ጥቁረቱ እኮ ዕድሜው ነው። ቆዳው ነው። አሁን ገፍፈኸዋል። እየው፣ ፀጉሯን እየው።" መነጽሩን አውጥቶ ሰጠኝ። አየሁ። ፀጉሯ ላይ ካሉት መስመሮች ግማሾቹ የሉም። ጉንጯ ላይ ደግሞ የጨርቁ ዙር ያወጣቸው ጭረቶች አሉ፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ። የራሴ ሥራ ነው፤ አወቅሁት። "መርማሪዎቹ ይኼን ሲያዩ ቁጥር አይሰጡትም። በቁጥሩ ፈንታ ተወልውሏል ብለው ነው የሚጽፉበት። ከእነዚህ ሁሉ ጥሩው እሱ ነበር። ተሜ እኮ በጣቱ እንኳ አይነካውም ነበር፤ በጠርዙ ነው የሚይዘው።"

ይህን ጊዜ ያጠራቀምኩት ሁሉ ወጣ። ድምፄ ከፍ አለ።

"አንተ ስለ እሱ አትንገረኝ! ወንድሜ ነው! ቅዳሜውን ወሰድክ፣ ሆስፒታል አንተ ነህ ያለኸው፣ ለቅሶው ላይ አንተን ነው ያጽናኑት። አሁን ደግሞ የአያቴን ጠገራ በስምህ ልታስጽፍ ነው። አይሆንም! ከፈለግክ ዘጠኙን ውሰድ።"

ደጅ ባጃጅ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ዞረው አዩን። ነስሩ አልተቆጣም። መሳቢያውን ከፈተና ባለ ካሬ ደብተር አወጣ። ገልጦ ፊቴ አስቀመጠው።

የወንድሜ ጽሑፍ ነበር። እንደ መሬት ፕላን የተስተካከለ። አሥር ረድፍ አለው። ምንነቱ፣ ዓመቱ፣ ብረቱ፣ የተመታበት ዘመን፣ ስብስብ። ዘጠኙ ረድፍ መጨረሻቸው ላይ "ተመስገንና ነስሩ" ይላሉ። በአሥረኛው "ስብስብ" የሚለው ሥር የተጻፈው "ብሩክ" ነው።

ከሥሩ በእርሳስ፣ ፊደሉ ተጣሞ፣ እንዲህ ተጽፏል፦ "ለትንሹ ንገረው፣ እንዳይወለውለው። እጁ አያርፍም።"

ምን እንደተሰማኝ መጻፍ አልችልም። ሁለት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እጁ አያርፍም።

"ሆስፒታል ተኝቶ ነው የጻፈው" አለ ነስሩ። "ንገረው ብሎ አደራ ሰጥቶኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

ጠረጴዛው ላይ የነበረች የሰዓት ጎማ በጣቱ ያሽከረክር ጀመር። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ የተለያየ ጊዜ ያሳያሉ።

"ደወልኩልህ እኮ። ልነግርህ ነበር" አለ። "አንተ እሺ፣ እሺ ብቻ ትለኛለህ። እኔም... ልዋሽህ አልችልም፣ ቅር ብሎኝ ነበር። አሥረኛውንም በሁለታችን ስም እናድርገው ብዬ ለምኜው እምቢ አለኝ። ስድስት ዓመት አብረን ሰብስበን፣ ዋናውን ለአንተ! ሱቅ ሲገባ ትንሹ እንዲህ አለ፣ ሲወጣ ትንሹ እንዲህ አደረገ። ስለ እጀታ ሳይቀር ነው የሚያወራው፤ እንዴት እንደምትወለውል። ወላሂ ሰልችቶኝ ነበር። እናም ስልኩን ቶሎ ዘጋሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

 እኔ በእሱ ስቀና እሱም በእኔ ሲቀና ነበር። በመካከላችን ያለው ሰው ደግሞ የለም።

ያን ጊዜ ነው የጠየቅሁት። "በመጨረሻ ምን አለ?"

ነስሩ ትንሽ አሰበ። "ውሃ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። 'ሞቋል' አለኝ። ቀዝቃዛ ላመጣ ወጣሁ፤ ስመለስ ተኝቷል። ሌላ የተናገረው የለም።"

ለሦስት ወር የቀናሁበት ነገር ይህ ነበር።

ከዚያ ነስሩ ምሳ አስመጣ። አንድ ሳህን ክትፎ በቆጮ ነበር፤ ሁለታችንም ብዙ አልበላንም። እጁን ሲታጠብ "እንግዲህ ይኼኛው አይላክ። ለምን ብለህ ታሳፍረዋለህ?" አለኝ።

"ያልተወለወለ ብቻ ነው የሚቀበሉት?"

"አይ፣ ይቀበላሉ። እውነተኛ መሆኑን ይጽፋሉ። ግን የሆነውንም ይጽፋሉ።"

"ይጻፉ" አልኩ። "በዐይናቸው ያዩትን ነው የሚጽፉት ብሎ የለ? አይተው ይጻፉ።"

ቅጹን አወጣ። ዘጠኙን እንደ ደብተሩ ገለበጠ። አሥረኛው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጠኝ። በስሙ ቦታ ላይ "ተመስገን" ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩ።

"እሱ እኮ ብሩክ ነው ያለው። የጻፈውን ትሽራለህ?"

"ለእኔ ያለው ያልተወለወለውን ነው።"

ነስሩ ቅጹን አየ። ከስሙ ቀጥሎ ባዶ ቦታ አለ። ቀስ ብሎ "ብቻውን?" አለኝ። ምን እየጠየቀኝ እንደሆነ ገባኝ። ቦታው ለሁለተኛ ስም ይበቃል። ጥሩ ሰው ብሆን ኖሮ ነስሩ የሚለውን እጨምር ነበር።

"ብቻውን" አልኩ።

እሺ ብሎ አጠፈው።

መጋቢት ላይ ሳንቲሞቹ ተመልሰው መጡ። ነስሩ ራሱ ቡታጅራ ድረስ ይዟቸው መጣ። ከአጥሩ ውጭ ሆኖ "ወልዋዩ! ወልዋዩ አለ?" እያለ ነው የተጣራው። እስካሁንም የሚጠራኝ በዚህ ነው። ማሙሽ ከሚለው ይሻላል።

እማዬ ሻይ አቀረበች። አባዬ እጁን ጠርጎ መጣ። ነስሩ አሥሩን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ዘጠኙ ላይ ቁጥር አለ፤ አንደኛው ከሰባ ስድሳ ሁለት አግኝቷል። አሥረኛው ላይ ቁጥር የለም። አባዬ የእኛን አነሳና "ምን ይላል?" አለኝ።

መስመር በመስመር ተረጎምኩለት። "ኦስትሪያ ይላል፣ አገሩ ነው። ታለር፣ ስሙ ነው። ብር። 1780። በኋላ ዘመን የተመታ። ከዚያ... ተወልውሏል ይላል። ከሥሩ ተመስገን። ይኼ ደግሞ መመዝገቢያ ቁጥሩ ነው።"

"ተወልውሏል ብለው ጻፉ?"

"አዎ፣ አባዬ።"

"ታዲያ ምን ነውር አለው? ጥሩ አድርገህ ወልውለሃላ!" አለ። ወደ ነስሩ ዞሮ "በእጁ የሚተካከለው ቡታጅራ ውስጥ የለም። ባሕር ማዶ ድረስ አወቁለት" አለው።

ነስሩን ሻዩ ትን አለው። እኔን አየኝ። ምንም እንዳይናገር በዐይኔ ለመንኩት።

"ልክ ነው፣ አባባ" አለ። "ሌላ የትኛውም ሳንቲም ላይ የሠራተኛው ሙያ አልተጻፈም። በዘጠኙ ላይ የለም።"

አባዬ ቡፌው ላይ፣ ከተመስገን ፎቶ አጠገብ አቆመው። እስካሁን እውነቱን አልነገርኩትም። አንድ ቀን እነግረዋለሁ።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ መጻፍ ብችል ደስ ይለኝ ነበር። አልለቀቀኝም። ነስሩ ሱቅ ስሄድ ዘጠኙ ተደርድረው አያቸዋለሁ፤ ተመስገንና ነስሩ፣ ተመስገንና ነስሩ ይላሉ። ይቆረቁረኛል። የእኔ ስም የትም የለም፤ እዚያ እንዳይገባ ያደረግሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

ግን አንዳንድ ጊዜ ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ስሆን የእኛን አነሳዋለሁ። በጠርዙ ነው የምይዘው። ከወንድሜ ስም በላይ ያለችውን፣ ተወልውሏል የምትለውን ቃል አነብባለሁ። ያቺን ነስሩ አልሠራትም። የሠራኋት እኔ ነኝ፤ ማንም ከስሙ አይለያትም። እጁ አያርፍም ብሎ ነበር። አሁን እዚያ ውስጥ፣ ከስሙ ጋር ታሽጎ፣ እጄ አርፏል።